ላላቃጠልኩት ሰሊጥ የተሰጠኝ ይቅርታ

ሰሞኑን መብራት መጣ ሲሉት እየጠፋ፣ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የከሰል ካውያ ተመልሶ ነግሧል። ከየጓዳውና ከየአልጋው ሥር ዝገት ለብሶ የተኛው ሁሉ ወጥቶ፣ ተፈትጎ፣ ሥራ ጀምሯል። ትናንት ከዐስር ሶላት ስመለስ አንድ ወጣት መንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘርግቶ ነጭ ጀላቢያ ሲተኩስ አየሁት። ውሃ በአፉ ጎንጨት ያደርግና ልብሱ ላይ ፍፍፍ ብሎ ይረጫል፣ ካውያውን ያሳርፋል፣ እንፋሎቱ ይነሣል። የረጠበ ጥጥና የከሰል ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ሲነካኝ እግሬ ቆመ። ልጁ ደንበኛ የመጣለት መስሎት «ተፈደል ያ ሐጅ» አለኝ፣ ይቅረቡ ሐጂ ማለቱ ነው። «ሥራህን ሥራ፣ እኔም የሙያህ ሰው ነበርኩ» አልኩትና አንገትጌውን መጨረሻ ላይ እንዲተኩስ መክሬው ሄድኩ። ምክሩን የሰማኝ አይመስለኝም። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ራት ቀርቦልኝ እንኳን ሐሳቤ ከዚያ ጠረጴዛ አልተመለሰም።

ወደዚህ አገር የመጣሁት ፂሜ ማቀምቀም ሲጀምር ነው። ለምን እንደመጣሁ መዘርዘር አያስፈልግም፤ በዚያ ዘመን በመተማ አድርጎ ጋላባትን የተሻገረ ወጣት ሁሉ ከኋላው የሚፈራው ነገር ነበረው እንጂ ከፊቱ የሚያውቀው አልነበረውም። ጎንደር ውስጥ አጎቴ ልብስ ሰፊ ስለነበር ካውያ መያዝ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ስለዚህ ከባቡር ጣቢያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ጥግ፣ ከአንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ሥር፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ካውያ ይዤ ተቀመጥኩ። ሱዳኖቹ ኑሩ መክዋጂ አሉኝ፣ ኑሩ ተኳሹ ማለታቸው ነው፤ ስሙ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ያን ጊዜ ጀላቢያ መተኮስ በአንድ ሪያል ነበር። ያ ሪያል ዐሥር ቂርሽ ነው፤ የዛሬ ልጆች ቂርሽ ስትላቸው ተረት የምትነግራቸው ይመስላቸዋል። ሻይ በሺሊን፣ በሪያሉ ግማሽ፣ ይጠጣል፤ ፉል ከነዘይቱና ከነሽንኩርቱ ጠግበህ በልተህ የተረፈህ ሳንቲም ኪስህ ውስጥ ይንኳኳል። ወጣቶቹ ከጉልበት በታች እንደ ጥሩምባ የሰፋ ሱሪ ይለብሱ ነበር። ያን ሱሪ መተኮስ የሁለት ሱሪ ከሰል ይጨርሳል፣ ዋጋው ግን ያው ነው፤ ስለዚህ ፋሽኑ ሲያልፍ በዚህ ከተማ ከእኔ በላይ የተደሰተ ሰው አልነበረም። ከማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ሬዲዮ ነበረው። ጠዋት ቁርኣን ነው፣ ረፋዱ ላይ ዜና፣ ከዚያ በዑድና በቫዮሊን የታጀበ ማለቂያ የሌለው ዘፈን፤ ዘፋኙ አንዷን ስንኝ ይዞ ሲመላለስባት እኔ ጀላቢያውን ጨርሼ አጥፌ አስቀምጥ ነበር።

ከኒሙ በስተቀኝ ሰዓዳ ሻይ ትሸጣለች። የደምቢያ ልጅ ናት፤ ምላሷ የተሳለ፣ ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ። ሴቶች ቶባቸውን ሊያስተኩሱ ሲያመጡ፣ ያ ረዥም ጨርቅ ተዘርግቶ ጫፉ አፈር እንዳይነካ የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር፤ የምትይዝልኝ እሷ ናት። በዚያ በተዘረጋ ቶብ ግራና ቀኝ ቆመን ስንት ነገር እንዳወራን አሁን ባስታውስ ደስ ባለኝ። ከኋላዬ ደግሞ የዐሚ ባቢክር መጋዘን ነበር። ዐሚ የምንላቸው ለአክብሮት ነው፣ አጎቴ እንደ ማለት። ሱዳናዊ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፤ ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ከሐጅ በተመለሱ ሰሞን ስለነበር ነጭ በነጭ ለብሰው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ ከሰላምታ በፊት ፈገግታ የሚያስቀድሙ ሰው። ጀላቢያቸውን የምተኩሰው እኔ ነበርኩ። አዝመራ ሲገባና መጋዘኑ ሲሞላ፣ የተረፈውን የሰሊጥ ጆንያ ከኋላ በኩል፣ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ሥር ይከምሩት ነበር።

መሐከማው፣ ፍርድ ቤቱ ማለቴ ነው፣ ከዚያ ጥግ ሩቅ አልነበረም። የእኛ ሰው ግን በበሩ ላለማለፍ ሲል መንገድ ያዞር ነበር፤ ቡና የሚገዛ ሰው እንኳን ዞሮ ነበር የሚገዛ። ሁሉም ከአገሩ የራሱን ፍርሃት ይዞ መጥቷል። አባቴ ከጎረቤቱ ጋር በአንዲት ከጥማድ በማትሞላ መሬት ተካሶ ዕድሜውን በቀጠሮ ጨርሷል። ስንቁን ቋጥሮ ጎንደር ይሄዳል፣ ዳኛው የሉም ይባላል፣ ይመለሳል። ዳኛ ይሞታል፣ ጸሐፊ ይቀየራል፣ መንግሥት ይገለበጣል፣ ቀጠሮው ግን ፍንክች አይልም። እሱ ራሱ ሲሞት ለሚቀጥለው ቀጠሮ የተዘጋጀው ስንቅ ከራስጌው ነበር። እንግዲህ ከዚህ ቤት የወጣ ሰው ስለ ፍርድ ቤት ምን ያስባል? በዚህ ላይ እዚህ ቋንቋው የሰው ነው፣ ከእኛ አብዛኛው የመኖሪያ ፈቃድ የለው፣ ዳኛው ደግሞ የከሳሹ የአክስት ልጅ ነው ብለን እናምናለን። ለነገሩ ገዳሪፍ ውስጥ የማንም የአክስት ልጅ ያልሆነ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ የተጣላ፣ የተካካደ፣ ሚስቱን ያስኮረፈ ሁሉ የሚሄደው ሐጂ እንድሪስ ዘንድ ነበር። ሐጂ እንድሪስ የወሎ ሰው ናቸው፣ ከማናችንም በፊት የመጡ፣ ዐረብኛውን እንደ ውሃ የሚጠጡት፣ ያስታረቁትን ሰው ሁለተኛ ሲጣላ ካዩት በከዘራ የሚያባርሩ ሽማግሌ። እሳቸውን የማያከብር አልነበረም፤ እኔም አከብራቸው ነበር።

ቃጠሎው የደረሰው አዝመራው በገባበት፣ ወባውም በበረታበት ወር ነው። ያን ቀን ወባ ጥሎኛል። ቤት ብቻዬን ከምንቀጠቀጥ ሰው አጠገብ ልሁን ብዬ ወጣሁ እንጂ ለሥራ አልነበረም። ካውያዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ ከሰል ግን አልጨመርኩበትም። ጋቢዬን ተከናንቤ አግዳሚዬ ላይ ተኛሁ። ሰዓዳ ከርከዴ አፍልታ አመጣችልኝ። ግንባሬን በአንድ እጇ፣ ካውያውን በሌላ እጇ ነካችና «አንተ ትነዳለህ፣ ካውያህ በርዷል» አለችኝ። ስቄያለሁ መሰለኝ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ። የቀሰቀሰኝ ጩኸት ነው፤ ቀና ስል ከኋላ ራኩባው ይነዳል። መጀመሪያ ላይ የተቆላ ሰሊጥ ሽታ፣ ደስ የሚል፣ የሚያስጎመጅ ሽታ ነበር፤ ቀጥሎ ወደ መራራ ተለወጠና ዓይን የማያስገልጥ ጭስ ሆነ። ከነትኩሳቴ ተነሥቼ ከሌሎቹ ጋር ጆንያ ጎተትኩ። ሰው አልተጎዳም፣ ቆርቆሮው መጋዘንም ተረፈ፤ ከራኩባው ሥር የነበረው ሰሊጥ ግን አብዛኛው አመድ ሆነ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሕዝቡ እሳቱ ከየት እንደመጣ ተስማማ። በዚያ አካባቢ የከሰል ሥራ የሚሠራ ማነው? መክዋጂው። ፖሊስ መጥቶ ይዞኝ ሄደ።

ጥፋተኛ ከተባልኩ እስሩ ብቻ አልነበረም የሚያሰጋኝ። የታሰረ ባዕድ እስሩን ሲጨርስ በጋላባት በኩል ወደ መተማ ይሸኛል ይባል ነበር። ያን ጊዜ ወደዚያ መመለስ ማለት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው አላብራራም፤ ለማያውቅ ደግሞ፣ የተመለሱ ጓደኞች ነበሩኝ፣ ከእነሱ አንዳቸውም ደብዳቤ አልላኩም። ዋስ ተገኝቶ ከጣቢያ እንደወጣሁ ሐጂ እንድሪስ አስጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ነገር መሐከማ ሳይደርስ በእኛው ያልቃል» አሉኝ።

«ሐጂ፣ እኔ እኮ አላቃጠልሁም። ካውያዬ ከሰል አልገባበትም። ሰዓዳን ይጠይቋት፣ በእጇ ነክታዋለች።»

«አቃጥለሃልም አላልሁህ፣ አላቃጠልህምም አላልሁህ። ሰውየው ንብረቱ ነዷል፣ ልቡ ቆስሏል። ድንጋይ ተሸክመህ ደጁ እንወስድሃለን፣ እግሩ ላይ ትወድቃለህ። ሙስሊም ነው፣ ሐጅ አድርጓል፣ ይራራል። ክሱን ያነሣልሃል። ኻላስ፣ አለቀ።»

«ላልሠራሁት ሐጂ?»

«ድንጋይ የሚሸከም ያጠፋ ሰው ብቻ ነው ያለህ ማነው? ሰላም የፈለገም ይሸከማል። የት አገር ነው ያደግኸው አንተ? መሐከማ ገብተህ አላጠፋሁም ብትል ማን ሊሰማህ ነው? ዳኛው? በምን ቋንቋህ?»

ያሉት በአገራችን ትክክል ነበር። እኛ አገር የተከፋን ሰው ደጅ ድንጋይ ተሸክሞ መሄድ ነገሩን ማብረድ ነው እንጂ ማመን አይደለም። በወንድሙ ጥፋት የሚሸከም አለ፣ ያላጠፋ ሆኖ ጎረቤት እንዳይቃቃር ብሎ የሚሸከም አለ፤ ደጁ የተለመነውም ሰው ይህን ስለሚያውቅ «ማን አጠፋ» ብሎ አይመረምርም፣ ድንጋዩን ያወርድና ያስገባል። እሺ አልኩ። ድንጋይ ማግኘቱ ራሱ ሥራ ሆነ። ገዳሪፍ ጥቁር አፈር ነው፣ ለዚህ ጉዳይ የሚመጥን ድንጋይ እንደ አገራችን በየመንገዱ አይገኝም። በመጨረሻ አንዱ ሽማግሌ ከሥጋ ቤቱ ጣሪያ ላይ ቆርቆሮው በነፋስ እንዳይነሣ የተጫነውን አወረደ። ባለ ሥጋ ቤቱ «ነገ ትመልሱልኛላችሁ» እያለ እስከ ጥግ ተከተለን።

ዐሚ ባቢክር ደጅ የደረስነው ከጠዋቱ ሶላት በኋላ ነው። በሩን ከፍተው ሲወጡ ያልተተኮሰ ጀላቢያ ለብሰዋል። ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ድንጋዩን አዩ፣ ወደ ኋላቸው ሸሸት አሉ፤ ልንወግራቸው የመጣን መስሏቸው ነበር። ሐጂ እንድሪስ በዚያ በጣፋጭ ዐረብኛቸው ይቅርታ ልንጠይቅ እንደመጣን፣ ልጁ ወጣትና ስደተኛ እንደሆነ ነገሯቸው። እኔም እግራቸው ሥር ተደፍቼ ይቅር በሉኝ አልኩ። ዐሚ ባቢክር አለቀሱ። ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ከአንገቴ ላይ አነሡት፣ ግንባሬን ሳሙኝና ይቅር ብዬሃለሁ አሉኝ። ሻይ ተጠጣ፣ ዱዓ ተደረገ። ስንመለስ ሽማግሌዎቹ እንደ ሠርግ መላሽ ይጫወቱ ነበር። እኔም ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ድንጋዩንም መልሰን ጣሪያው ላይ ሰቀልነው።

ክሱ ግን አልተነሣም። ፖሊሱ መዝገቡን ልኮት ኖሯል፤ ባለቤቱ ይቅር ቢልም የመንግሥት መብት የሚባል ነገር አለ ተባለ። ሐጂ እንድሪስ አልደነገጡም። «ይቅር ያለው ባለቤቱ ቆሞ ይመሰክርለታል፣ ከዚያ በላይ ምን አለ?» አሉ። ሰዓዳ የቀጠሮው ቀን ሻይዋን ዘግታ፣ ንጹሕ ቶብ ለብሳ፣ ልትመሰክር ስትነሣ ሽማግሌዎቹ ከመንገድ መለሷት። ዕርቅ ከወረደ በኋላ ምስክር ማቆም ዕርቁን ማፍረስ ነው፣ ይቅር ያለን ሰው ማስቀየም ነው አሏት። ሴት ልጅ መሐከማ ደጅ ብትታይ ደግ አይደለም የሚልም ጨመሩበት። ተመልሳ ሻይዋን ከፈተች። ያን ቀን ግን ለአንዳቸውም ስኳር አላቀረበችላቸውም።

ዳኛው የደከማቸው፣ መነጽራቸውን በሻሻቸው ጫፍ የሚወለውሉ ሰው ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ለመናገር ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። የተመደበልኝ አስተርጓሚ አማርኛ የሚያውቀው እኔ ቻይንኛ የማውቀውን ያህል ነው። ዐሚ ባቢክር ቁርኣን ላይ እጃቸውን ጭነው ማሉ፤ ከዚያ ሊረዱኝ ብለው፣ ወላሂ ሊረዱኝ ብለው ነው፣ እንዲህ አሉ፤ «ይህ ልጅ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ደጄ መጥቷል። ይቅርታ ጠይቆኛል፣ እኔም ይቅር ብየዋለሁ። መንግሥትም ይቅር እንዲለው እለምናለሁ።» ዳኛው ወደ እኔ ዞረው «ድንጋይ ተሸክመህ ሄደሃል?» አሉኝ። ሄጃለሁ አልኩ። «ይቅር በለኝ ብለሃል?» ብያለሁ። «ምን አድርገህ?» እኔ አፌን ስከፍት ሐጂ እንድሪስ ከኋላዬ «ባህላችን ነው በል፣ ታርቀናል በል» አሉኝ። እንዳሉኝ ባህላችን ነው አልኩ። ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡና «ባህላችሁ ባልሠራችሁት ነገር ይቅርታ መጠየቅ ነው?» አሉ። አዎ አልኩ። ችሎቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳኛውም ፈገግ ብለው ጻፉ፤ የጻፉት አምኗል የሚል ነበር።

ሰሊጡ ተዘርቶ እስኪታጨድ ድረስ ታሰርኩ። እስር ቤት ውስጥ የመኮንኖቹን የደንብ ልብስ እተኩስ ስለነበር ዱላ ብዙ አልደረሰብኝም። የሚያስጨንቀኝ መውጣቱ ነበር። በምወጣበት ቀን የጋላባቱ መኪና ቆሞ ሲጠብቀኝ በሐሳቤ እያየሁ ብወጣ፣ የቆሙት ዐሚ ባቢክር ናቸው። ዳሚን ሆነውኝ፣ ተያዥ ማለት ነው፣ ስለ እኔ ፈርመው አስቀሩኝ። ወደ ጥጌም መለሱኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስካለፈው ዓመት ድረስ እኔ በዚህ ከተማ ይቅር የተባለው ሐበሻ ነበርኩ። በየዓረፋው ከቤታቸው ሥጋ ይላክልኝ ነበር። ሰው ቤታቸው ሲመጣ «ይኼ ሰሊጤን ያቃጠለው ልጅ ነው፣ አሁን እንደ ወንድሜ ነው» ብለው ያስተዋውቁኛል። ሰውየውም በአድናቆት ያያቸዋል፣ በርኅራኄ ያየኛል። የሚበሉትን ሥጋ ልከውልህ፣ ከሞት አፍ መልሰውህ፣ «እኔ አላቃጠልኩም» ብለህ እንዴት ትጀምራለህ? ቂም ቢይዙብኝ ኖሮ እከራከራቸው ነበር። ይቅርታቸው ግን አፌን ዘጋው። የእኛ ሰዎችም ከእኔ ነገር የተማሩት አንድ ነገር ነው፤ ሐጂ እንድሪስ እስኪሞቱ ድረስ «አላልኋችሁም? መሐከማ ማለት ይኼ ነው፣ ታርቀህ እንኳን አይለቅህም» ይሉ ነበር። እኔ መሐከማውን አላመሰግንም፣ ዛሬም አላምነውም። ግን ያን ቀን ዳኛው ፊት የቀረበው እኛ ራሳችን ተሸክመን የወሰድነው ድንጋይ ነበር፤ ሌላ ምን ያዩ ኖሯል?

ሰዓዳን አገባኋት። ልጆች ወለድን፣ ልጆቻችንም ከእኛ ጋር በአማርኛ ጀምረው በዐረብኛ የሚጨርሱ ሆኑ። የኒሙ ዛፍ መንገድ ሲሰፋ ተቆረጠ። ባቡሩ ከቀረ ቆይቷል፤ አሁን ያ ጥግ የረክሻ፣ የባጃጅ ማለት ነው፣ መቆሚያ ነው፤ ከቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ለቀን ሥራ የሚመጡ ልጆችና ከካርቱም ጦርነት የሸሹ ሰዎች እዚያ ተቀላቅለው ይቆማሉ። ትልቁ ልጄ ሚስት ሊያገባ ሽማግሌ ስንልክ የልጅቱ አባት «የዚያ የእሳቱ ሰውዬ ልጅ ነው?» ብሎ እንደጠየቀ ሰምቻለሁ። ሰዓዳ ያን የሰማች ቀን የቤቱን ዕቃ ሁሉ ስታጋጨው ዋለች። «አንተስ ዝም በል፣ ለምደኸዋል፤ ልጄ ግን ምን አደረገ?» አለችኝ።

ባለፈው ክረምት ዐሚ ባቢክር አልጋ ያዙ፤ ላስታምማቸው ሄድኩ። ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠበቁና እጄን ያዙኝ።

«ኑሩ፣ ያ እሳት» አሉኝ።

«አልፏል ዐሚ» አልኳቸው፣ እንደ ልማዴ።

«አላለፈም። ከሐጅ ስመለስ ሲጋራ ላልነካ ምዬ ነበር። አልቻልኩም። ከመጋዘኑ ኋላ እየተደበቅኩ አጨስ ነበር። ያን ቀንም አጭሼ ራኩባው ሥር ጣልኩት፤ የጠፋ መስሎኝ ነበር።»

የተናገሩት ሲገባኝ ሰውነቴ ጋለ፤ ከዚያ ወባ በኋላ እንደዚያ ግዬ አላውቅም። እጄን ከእጃቸው አወጣሁ። «ያን ጊዜ ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«ሆዴ ይጠረጥር ነበር። ግን አንተ ድንጋይ ተሸክመህ መጣህ። አልሐምዱሊላህ፣ እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም አልኩ። ያላጠፋ ሰው እግር ላይ ሲወድቅ አይቼ አላውቅም ነበር። አንተ ከታሰርክ በኋላ ጥርጣሬው ተመለሰብኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«በቁርኣን ምዬ መስክሬያለሁ። ተመልሼ ሄጄ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብላቸው የሚያደርጉኝን ማን ያውቃል? ያን ቤት እፈራው ነበር።»

«እርስዎ? መሐከማው የእናንተ አይደለም እንዴ?»

በዚያ ሕመማቸው ውስጥ ትንሽ ሳቁ። «የእኛ? የማን እንደሆነ ሳላውቅ ልሞት ነው እኮ» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው ሞላና ይቅር በለኝ አሉኝ።

ተናድጄ ነበር፤ የሚሞትን ሰው መናደድ ነውር ቢሆንም ተናድጄ ነበር። «ይቅርታውንስ ሰጥቼዎታለሁ» አልኳቸው፣ «ለእኔ ብቻ አይንገሩኝ ግን። ለልጅዎ ይንገሩት።» እሺ አሉ። ትልቁ ልጃቸው ሙባረክ ተጠራ፤ ዛሬ የቤቱም የንግዱም አውራ እሱ ነው። ዐሚ ባቢክር ለእኔ የነገሩኝን ሳያጓድሉ ነገሩት። ሙባረክ የአባቱን ግንባር ስሞ አለቀሰ። ሲሸኘኝ በር ላይ ትከሻዬን አቅፎ «አየህልኝ ዐሚ ኑሩ?» አለኝ። «አባቴ በዕድሜው ሲጋራ አፉ ላይ ሲያደርግ ያየው የለም። አንተን ለማሳረፍ ብሎ ኃጢአቱን በራሱ ላይ አደረገው። እንዲህ ያለ ልብ የት ይገኛል?» እውነቱን ነው የነገረህ አልኩት። «አንተም ደግ ሰው ነህ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ከመንገዱ ላይ ትልቅ ድንኳን ተተከለ፤ ወንዶቹ በድንኳኑ፣ ሴቶቹ በግቢው ውስጥ ሆነው ለቅሶው ተቀመጠ። እኛ ሐበሾችም በርከት ብለን በአንድ ወገን ተደርድረናል። በሁለተኛው ቀን ሙባረክ ተነሥቶ የአባቱን ደግነት ተናገረ፤ ድሆቹን፣ ያሠሩትን መስጊድ፣ በመጨረሻም የእኔን ነገር። «ሰሊጡን ያቃጠለበትን ሰው ይቅር አለው፤ እኔ ሕፃን ሆኜ ድንጋዩን ከአንገቱ ሲያወርድለት በዓይኔ አይቻለሁ። ሊሞት ሲል ደግሞ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ ብሎ ጥፋቱን ወሰደለት» አለ። ሰው ሁሉ አላህ ይርሐሞ፣ አላህ ይዘንላቸው፣ እያለ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ከሰው ጋር አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ይህን ጊዜ የግቢው በር ላይ ሰዓዳ ቆማለች። ቶቧን አጥብቃ፣ ጉልበቷን ይዛ፣ ወንዶቹ ወደተቀመጡበት መጣች። ዐረብኛዋ ዛሬም የገበያ ዐረብኛ ነው፣ ግን የማይሰማ አልነበረም።

«ካውያው በራድ ነበር» አለች። «በዚህ እጄ ነክቼዋለሁ። ከሰል አልገባበትም። አባትህ እውነቱን ነው የነገረህ ልጄ፤ አንተ ነህ ያላመንኸው።»

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ በትሕትና ጠየቋት። «ያ ሐጃ፣ ይህን ያህል ካወቅሽ ያን ጊዜ መሐከማ ቀርበሽ ለምን አልተናገርሽም?»

«ልሄድ ተነሥቼ ነበር። አትሂጂ አሉኝ።»

«እነማን?»

«የእኛ ሰዎች» አለች፣ በእጇ እኛን እያሳየች።

ከተደረደርነው ሐበሾች አንድም ቀና ያለ አልነበረም። ብዙዎቹ ያን ጊዜ አልተወለዱም፤ ግን ሁሉም አቀረቀረ። ሙባረክ መጥቶ ከፊቴ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ የአባቱን ፊት ይመስላል። «ዐሚ ኑሩ፣ ከአንተ አፍ ልስማው» አለኝ፤ «ሰሊጡን አንተ አቃጥለኸው ነበር?»

«አላቃጠልኩም» አልኩት።